በሌላ ሰው ስም ለፈተና መቀመጥ፤ ውለታ ነው ወይስ ወንጀል?



የፈተና ወቅት በተቃረበ ቁጥር በየቤቱ የሚነሣ፣ ነገር ግን በአደባባይ ብዙም የማይጻፍበት አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም አንዱ ተማሪ የሌላውን ስምና የመፈተኛ ካርድ ይዞ ገብቶ መፈተኑ ነው። ስለ ኩረጃ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ፈተና መሰረቅም እንዲሁ። ሰውን ተክቶ ስለ መፈተን ግን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታውም «ለዘመድ የተደረገ ውለታ» የሚል መልክ ይይዛል። ይህ ውለታ የተባለው ነገር በሕግ ፊት ምን እንደሆነ፣ ተጠያቂዎቹስ እነማን እንደሆኑ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እኔ በኮተቤ አካባቢ ነዋሪ ስሆን ለብዙ ዓመታት በማስተማር ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ በኋላም ሕግ ተምሬአለሁ። በዚህም ምክንያት የሰፈራችን ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ያማክሩኛል። ከዕለታት አንድ ቀን ከጁምዓ ሰላት በኋላ አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አሉኝ። ታላቁ ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የእኅታቸው ልጅ ደግሞ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አንድ ጊዜ ወስዶ አልተሳካለትም፤ እንደገና ለመፈተን በግል ተመዝግቧል። ሁለቱ ልጆች መልካቸው ይመሳሰላል። እኅታቸውም «ልጅህ ገብቶ ይፈተንለት፤ ሲለቱ ረሒም ነው፤ ዝምድና ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?» ብላለች። የአባትዬው ጥያቄ አጭር ነበር። «ቢያዝ ከትምህርት ከመባረር ያለፈ ነገር ይመጣበታል? ወይስ በወንጀል ያስጠይቀዋል?»

«ሐጂ፣ ወንጀል ነው። የሚጠየቀውም ልጅዎ ብቻ አይደለም፤ የእኅትዎ ልጅም፣ እኅትዎም አሉበት። እርስዎም ዐውቀው እጅዎን ካስገቡበት አይቀርልዎትም» አልኳቸው። የምክንያቱ ዝርዝር ግን በመስጊድ በር ላይ ቆመን የምንጨርሰው አልነበረም። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ወላጆችና ተማሪዎች ብዙ እንደሚሆኑ በመገመት እዚህ ላይ ዘርዝሬ አቅርቤዋለሁ።

፩. ድርጊቱ ከምን ከምን የተሠራ ነው?

ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚያየው ከመልሱ አንጻር ነው። «ልጁ ጥያቄውን የመለሰው በራሱ ዕውቀት ነው፤ ከማንም አልሰረቀም፤ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?» ይላል። ሕግ ግን የሚመለከተው መልሱ ልክ መሆን አለመሆኑን ሳይሆን፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ስም የማን እንደሆነ ነው።

ተተኪ ተፈታኙ የሚያደርገውን አንድ በአንድ እንቁጠር። በመጀመሪያ በበሩ ላይ የሌላ ሰው ካርድ ያሳያል፤ አንዳንዴም በካርዱ ላይ ያለው ፎቶግራፍ አስቀድሞ ተለውጧል። ቀጥሎ አዳራሽ ገብቶ በሌላው ቦታ ይቀመጣል። ከዚያም የተፈታኞች መቆጣጠሪያ ቅጽ ሲዞር በሌላው ስም ይፈርማል። በመጨረሻም በመልስ ወረቀቱ ላይ የሌላውን ስምና የምዝገባ ቁጥር ይጽፋል። አንዲት ጥያቄ ሳይመልስ በፊት እንኳ እነዚህን ሁሉ ፈጽሟል። ፈተናውን ቢወድቅ እንኳ የፈረመው ፊርማ ሐሰት መሆኑ አይቀርም።

የመልስ ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለም። «ይህን የሠራው እገሌ ነው» ብሎ የሚመሰክር ሰነድ ነው። በእሱ ላይ ተመሥርቶ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤት ይሰጣል፤ በውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ በዲግሪው ሥራ ይያዛል። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ላይ የሰውን ስም አስመስሎ መጻፍ፣ በአንድ ውል ላይ የሰውን ፊርማ አስመስሎ ከመፈረም በባሕርዩ የተለየ አይደለም።

፪. የወንጀል ሕጉ ምን ይላል?

አሁን የሚሠራበት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው ሲሆን፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተክቶ በሥራ ላይ ይገኛል። የዚህ ሕግ አንቀጽ 2 አንድ ትልቅ መርሕ ያስቀምጣል። ፍርድ ቤት በሕግ ወንጀል ያልተባለን ድርጊት በማመሳሰል ወንጀል ሊለው አይችልም። ስለዚህ «ይህ መጥፎ ሥራ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ድርጊቱ ከአንድ አንቀጽ ጋር መገጣጠም አለበት።

የመጀመሪያው አንቀጽ 375 ነው። ይህ አንቀጽ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትን የሚመለከት ነው። ፍሬ ነገሩም የሌላውን ሰው መብት ወይም ጥቅም ለመጉዳት፣ ወይም ለራስ ወይም ለሌላ ሰው የማይገባ መብት ወይም ጥቅም ለማስገኘት በማሰብ፣ አንድን ነገር ሊያስረዳ የሚችል ጽሑፍ በሐሰት ያዘጋጀ፣ የሐሰት ፊርማ የፈረመ ወይም እውነተኛውን ሰነድ የለወጠ ሰው ይቀጣል የሚል ነው። «ለሌላ ሰው» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ተተኪው ለራሱ አንዲት ሳንቲም ባያገኝበትም፣ ለዘመዱ የማይገባ ጥቅም ለማስገኘት አስቦ ፈርሟልና «እኔ ምንም አልተጠቀምኩም» ማለቱ ከዚህ አንቀጽ አያወጣውም። የካርዱን ፎቶግራፍ የለወጠውም እውነተኛን ሰነድ ለውጧልና በዚሁ ሥር ይታያል።

ሁለተኛው አንቀጽ 378 ሲሆን በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልን ይመለከታል። ሰነዱን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተገለገለበት ሰው ይጠየቃል። ለምሳሌ ፎቶው የተለወጠውን ካርድ በበር ላይ ያሳየ ሰው፣ ካርዱን ራሱ ባይሠራውም እንኳ ተገልግሎበታል። እዚህ ላይ ጠበቆች የሚከራከሩበት አንድ ነጥብ መኖሩን መደበቅ አይገባም። በተተኪ ፈተና የተገኘው የውጤት ምስክር ወረቀት ራሱ ፎርጅድ አይደለም፤ ማኅተሙም ወረቀቱም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሐሰቱ ያለው ከሥሩ፣ በመልስ ወረቀቱና በፊርማው ላይ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ዐቃቤ ሕግ ክሱን የሚያቆመው በመጨረሻው ምስክር ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በፈተናው ዕለት በተጻፈውና በተፈረመው ወረቀት ላይ ጭምር ነው።

ሦስተኛው አንቀጽ 692 ማለትም አታላይነት ነው። ማንነትን ወይም ሁኔታን አሳስቶ በመናገር ሌላውን ሰው በንብረቱ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ነገር እንዲፈጽም ማድረግ በዚህ አንቀጽ ያስቀጣል። ቅጣቱም ቀላል እስራት፣ እንደ ሁኔታውም እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ይሁን እንጂ ይህ አንቀጽ የንብረት ጉዳይ ስለሆነ ለፈተናው ብቻ በቀጥታ አይገጥምም። የሚመጣው በኋላ፣ ሰውዬው በዚያ ውጤት ተቀጥሮ ደመወዝ መብላት ሲጀምር ወይም ተተኪ እናቀርባለን እያሉ የወላጅን ገንዘብ ተቀብለው የሚጠፉ ደላሎች ሲገኙ ነው።

አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። የውጤት መሰረዝ፣ ከፈተና መታገድና ከዩኒቨርሲቲ መባረር አስተዳደራዊ እርምጃዎች ናቸው፤ የወንጀል ቅጣት ምትክ አይደሉም። «ውጤቴ ተሰርዟል፤ ቅጣቴን ጨርሻለሁ» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

፫. ተጠያቂዎቹ እነማን ናቸው?

በሕዝባችን ዘንድ የተለመደው አስተሳሰብ የተያዘው ተጠያቂ ነው የሚል ነው። የወንጀል ሕጉ ግን ከጀርባ ያለውንም ይመለከታል።

ሀ/ ተተኪው። ድርጊቱን በእጁ የፈጸመ በመሆኑ በአንቀጽ 32 መሠረት ዋና ወንጀል አድራጊ ነው።

ለ/ ባለ ስሙ። ቤቱ ተኝቶ የዋለው ተማሪ «እኔ አዳራሹን አላየሁትም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ካርዱን የሰጠ፣ ስሙን ያስፈረመና በውጤቱ የሚጠቀመው እሱ ነው። አካሉ እዚያ አለመኖሩ ነጻ አያወጣውም፤ በሐሳቡና በፈቃዱ የድርጊቱ ሙሉ ተካፋይ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላል።

ሐ/ ያግባባውና የከፈለው። አንቀጽ 36 ሌላውን ሰው በምክር፣ በተስፋ፣ በገንዘብ፣ በስጦታ ወይም በማስፈራራት ወንጀል እንዲፈጽም ያነሣሣውን ይቀጣል። አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም አክስት ሊሆኑ ይችላሉ። ዝምድና በዚህ አንቀጽ ውስጥ እንደ መከላከያ አልተጻፈም።

መ/ የረዳው። ካርዱን ያመቻቸ፣ ፎቶውን የለጠፈ፣ መረጃ ያቀበለ ሁሉ በአንቀጽ 37 መሠረት አባሪ ነው።

ሠ/ ዐይኑን የጨፈነው። ተፈታኙ ሌላ ሰው መሆኑን እያወቀ ጥቅም ተቀብሎ ያሳለፈ ፈታኝ ወይም ተቆጣጣሪ፣ የሙስና ወንጀሎችን ለመደንገግ በወጣው አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጭምር ሊጠየቅ ይችላል። ሰጪውም እንዲሁ።

በመሆኑም «ውለታ» የተባለው ነገር አንድ ቤተሰብ ሙሉውን አንድ መዝገብ ላይ ሊያሰልፍ ይችላል። ሐጂን ያስደነገጣቸውም ይኸው ነበር። የወንድማማች ልጆቹን አንድነት ያጠናክራል የተባለው ነገር፣ አንዱን በሌላው ላይ ምስክር አድርጎ ችሎት ፊት ያቆማቸዋል።

፬. «ቢሆንም…» የሚሉ ምክንያቶች

«ልጅ ነው፤ አይጠየቅም።» በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልዩ የጥበቃና የእርማት እርምጃ ይወሰድበታል። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን ተመልክቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። የ12ኛ ክፍል ተማሪና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየትኛው ክልል እንደሚወድቁ ለማንም ግልጽ ነው።

«በር ላይ ቢያዝ ገና አልፈተነም።» አንቀጽ 27 ሙከራንም ይቀጣል። አስቦ፣ ካርድ ይዞ፣ ወደ በሩ ቀርቦ ያሳየ ሰው ሐሳቡን ወደ ድርጊት ለውጧል። ከዚህም በላይ ፎቶው የተለወጠውን ካርድ ካሳየ፣ በካርዱ መገልገሉ በዚያው ቅጽበት ተፈጽሟል።

«ሕጉን አላወቅንም ነበር።» አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ደግሞስ የሌላ ሰው ስም መፈረም ስሕተት መሆኑን ለማወቅ የሕግ ትምህርት ያስፈልጋል?

«ለዝምድና ነው፤ ለአላህ ብለን ነው።» ኢስላም ማታለልንና የሐሰት ምስክርነትን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚከለክል ለዚህ ገጽ አንባቢ መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። በወሎ ሐሪማዎች አንድ ደረሳ ኪታቡን የሚያስመልሰው በሸኹ ፊት ተቀምጦ በገዛ አንደበቱ ነው። ቁርኣን የሐፈዘውም የሚያሰማው ራሱ ነው። ጓደኛው የቱንም ያህል ቢወደው ስለ እሱ ቀርቶለት ኢጃዛ ሊያስገኝለት አይችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ታስቦም አያውቅም። ምክንያቱም ኢጃዛ ዕውቀቱ በዚያ ሰው ውስጥ እንዳለ የሚሰጥ ምስክርነት ነው። አባቶቻችን በዲን ዕውቀት ላይ ያልፈቀዱትን እኛ በዱንያ ዕውቀት ላይ ለምን እንፈቅዳለን? ዝምድናን መቀጠል ግዴታ መሆኑ እውነት ነው፤ ዘመድን ወደ ወንጀል መጎተት ግን መቀጠል ሳይሆን መቁረጥ ነው።

«ፈተናው ራሱ ፍትሐዊ አይደለም።» ይህ ከሁሉም የሚከብደው ምክንያት ነው። የሚናገሩትም ክፉ ሰዎች ሳይሆኑ የተጨነቁ ወላጆች ናቸው። ስለዚህ በጥንቃቄ እንየው።

እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናን የሚፈተኑት በየትምህርት ቤታቸው ነበር። የኩረጃውና የፈተና መሰረቁ ነገር እየተባባሰ መምጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ በመውጣቱ በጀመረበት ዕለት ተሰርዞ፣ ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች እንደገና ለመዘጋጀት ተገደዋል። በሐምሌም ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥ የማኅበራዊ መገናኛዎች በመላ አገሪቱ ተዘግተው ነበር። ጥቂቶች ባደረጉት አገር ሙሉ ተቀጣ። ከዚያም ከመስከረም መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አዛወረው። በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዙር 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበር።

እነዚህ አኃዞች ያስደነግጣሉ። አንድ ነገር በግልጽ ይናገራሉ፤ የትምህርታችን ጉድለት የኖረው ከፈተናው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት 12 ዓመታት ውስጥ ነው። መምህር በሌለበት፣ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት በሚከፋፈልበት ክፍል የተማረ ልጅ ተበድሏል፤ ይህን መንግሥትን መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን በደል ካለ መፍትሔው ሌላውን መበደል አይደለም። ተተኪ የሚያቆም ሰው ፈተናውን ያወጣውን አካል አይጎዳውም። የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ቀጥዬ እገልጻለሁ።

፭. ተበዳዩ ማን ነው?

እኛ በየካ የምንኖር ሰዎች ከእንጦጦ ተራራ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ጉራራ የሚወርዱ እናቶችን ለብዙ ዓመታት አይተናል። ጎንበስ ብለው፣ ሸክሙ ከራሳቸው በላይ ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን እየሮጡ ሲወርዱ መኪና ይቆምላቸዋል። ከእነዚህ መካከል ልጆቻቸውን በዚያ ሸክም ያስተማሩ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለች እናት ተተኪ የምትገዛበት ገንዘብም፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ የወንድም ልጅም የላትም። ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ልጇ አዳራሽ ገብታ ከባለጸጋው ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት እኩል መመዘኗ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቦታና ምርጫ የሚደለደለው በውጤት እስከሆነ ድረስ፣ በተተኪ የተገኘ እያንዳንዱ ውጤት ከአንድ እውነተኛ ተማሪ ፊት ይቀድማል። ተበዳይዋ ግን ማን እንደበደላት አታውቅም፤ ስለዚህ አትከስም። ሕጉ ዐቃቤ ሕግን የሚያቆመው እንዲህ ላለችው ተበዳይ ነው።

ሁለተኛው ተበዳይ ኅብረተሰቡ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ የጤና ባለሙያዎችም የብቃት ምዘና አለባቸው። የነርስን ፈተና ሌላ ሰው ሊፈተንላት ይችላል፤ ሌሊት ዋርድ ውስጥ መርፌውን የምትይዘው ግን እሷ ራሷ ናት። የመሐንዲሱን ፈተና ጓደኛው ቢያልፍለትም፣ የሕንጻውን ብረት የሚቆጥረው ጓደኛው አይደለም።

ሦስተኛው ተበዳይ ባለ ስሙ ራሱ ነው። ባልተማረው ትምህርት ውስጥ ገብቶ በአንደኛው ሴሚስተር ይወድቃል። ባይወድቅም ሕይወቱን ሙሉ አንድ ምስጢር የሚያውቅ ሰው አለበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ ያ ምስጢር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች በውርስ ወይም በገንዘብ በተጣሉ ዕለት ነው።

አራተኛው ተበዳይ ደግሞ በተለይ እኛን ይመለከተናል። አንድ ተተኪ በተያዘ ቁጥር ፍተሻው ይጠብቃል። የሚጠብቀው ፍተሻም በመጀመሪያ የሚከብደው ፊታቸውን በሚሸፍኑ እኅቶቻችን ላይ ነው። ማንነትን ማረጋገጥ የፈታኙ መብትም ግዴታም ነው፤ ይህን መቃወም አይገባም። ሆኖም በሴት ፈታኝ፣ ገለል ባለ ክፍል፣ ፊትን ከካርዱ ጋር አስተያይቶ ማሳለፍ ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው። እኛ ይህን በልበ ሙሉነት መጠየቅ የምንችለው ከእኛ ወገን ማጭበርበር በሚጠፋበት ጊዜ ነው።

፮. በሌሎች አገሮች

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የብሔራዊ ፈተናዎች ምክር ቤት ሕግ ውስጥ ሰውን ተክቶ መፈተንን በስሙ ጠርታ ወንጀል አድርጋዋለች። ቻይና ከኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ማሻሻያዋ በሕግ በተደነገጉ ብሔራዊ ፈተናዎች ላይ ተተኪውንም ያስተካውንም እኩል ወንጀለኛ አድርጋለች። ሕንድም በ2024 እ.ኤ.አ. በሕዝባዊ ፈተናዎች ላይ የሚፈጸም ማጭበርበርን በተለይም በቡድን የሚያደራጁትን ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ሕግ አውጥታለች።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታየው የኮሌጅ መግቢያ ማጭበርበር ክስ ነው። ማርክ ሪድል የተባለ ሰው በክፍያ ለባለጸጎች ልጆች ፈተና ይፈተን፣ መልሳቸውንም ያርም ነበር። ዐቃብያነ ሕግ የከሰሱት ለፈተና ተብሎ በወጣ ልዩ ሕግ ሳይሆን በጠቅላላው የማጭበርበር ሕግ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. 4 ወር እስራት ተፈረደበት። ከወላጆቹም መካከል የታወቀችው የፊልም ተዋናይት ፌሊሲቲ ሃፍማን የልጇ መልስ እንዲታረም 15 ሺህ ዶላር በመክፈሏ 14 ቀን እስራት ተፈርዶባታል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የፈተና ስም ያልተጻፈበት ጠቅላላ ሕግም ድርጊቱን ሊይዘው ይችላል። ሁለተኛ፣ «ለልጄ ስል ነው» የሚለው የወላጅ ምክንያት ከችሎት አላዳነም።

፯. ምን ይደረግ?

ለተማሪዎች የምለው ይህን ነው። ካርዳችሁን ለማንም አታውሱ፤ የማንንም አትቀበሉ። «ገብተህ ተፈተንልኝ» የሚል ጓደኛ ሲመጣ፣ ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት ቁጭ ብላችሁ አስጠኑት። ይህ ሕግ የማይከለክለው፣ አጅርም ያለበት እውነተኛ ውለታ ነው። ዛሬ ማንነት የሚረጋገጥበት መንገድም ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዐይን ብሌንንና ፊትን ይመዘግባል። መመሳሰል ድሮ ያታልል ይሆናል፤ አሻራ ግን ከወንድም ጋር አይመሳሰልም።

ለወላጆች የምለው ደግሞ ይህ ነው። አንድ ፈተና መውደቅ የሕይወት መጨረሻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ከመቶ ላላመጡ ተማሪዎች የሪሚዲያል ትምህርት ተከፍቷል። በግል እንደገና መፈተንም ይቻላል። እንደ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ከመርካቶ እስከ ሾላ ገበያ ድረስ የምናውቃቸው ብዙ የተከበሩ ሙስሊም ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጡ በሐላል ሠርተው ብዙ ቤተሰብ አስተዳድረዋል። ልጅን የሚያሳፍረው መውደቅ አይደለም። ወላጁ «አንተ በራስህ አትችልም» ብሎ ሌላ ሰው በቦታው ማስቀመጡ ነው።

ለመስጊድ ኮሚቴዎችና ለመድረሳ ኀላፊዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከላምበረት እስከ ካራ፣ ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ባሉ ሰፈሮቻችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆኑ ብዙ ልጆች አሉን። ቅዳሜና እሑድ በመድረሳው ክፍል ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ፊዚክስ ቢያስጠኑ ወጪው የጠመኔና የሰሌዳ ብቻ ነው። በአንድ አዳራሽ ለአንድ ዘመድ በሐሰት ከመፈረም ይልቅ፣ በአንድ ክፍል ለሠላሳ ልጆች በእውነት ማስረዳት እጅግ ይቀላል። ሐጂም ልጃቸው የአክስቱን ልጅ እንዲያስጠናው ስነግራቸው «ይህንስ ከመጀመሪያውም ማን ከለከለን?» ነበር ያሉት።

ሲጠቃለል፣ የፈተና ወረቀት አማና ነው። በላዩ የተጻፈው ስም የጻፈው ሰው ስም መሆን አለበት። ይህ ሲጣስ ዋናውም፣ አነሣሹም፣ ረዳቱም በሕግ ይጠየቃሉ። ያልተያዘውም ቢሆን ያላወቃትን የአንዲት ደሃ ልጅ ሐቅ ተሸክሞ ይኖራል። ልጆቻችን በስማቸው እንዲቀመጡ፣ በስማቸው እንዲወድቁ፣ በስማቸውም እንዲያልፉ እናስተምራቸው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።